ከረጢቱን ተቀብላለች

«እናቱ ከረጢቱን ተቀብላለች። ልጁ ይጫወታል፤ አለቀ።»

ዋጊህ ይህን የሰማው ጠዋት ወደሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ለመሄድ ደረጃውን ሲወርድ፣ ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ነው። ታላቅ ወንድሙ ሐጅ ጋብር በሩ ላይ ቆሞ፣ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መካከል አጣብቆ፣ በሁለት እጁ የሱቁን ቁልፍ ከቁልፎቹ መሀል ይፈልጋል። ድምፁ ላይ ቁጣ የለም። ከመጋዘን ሴራሚክ ሲያዝ «ሦስት ካርቶን ላክ፤ አለቀ» እንደሚለው ነው ያለው። ዋጊህን ያበገነውም ይኸው ነው። ስለ የትኛው ልጅና ስለ የትኛዋ እናት እንደሚወራ መጠየቅ አላስፈለገውም። ረመዳን ሲገባ ከሐጅ ጋብር ቤት ሁለት ነገር እንደሚወጣ በእስክንድርያው ባኮስ ሰፈር ውስጥ የማያውቅ የለም። አንደኛው ባል ለሞተባቸው የሰፈሩ ሴቶች የሚታደለው፣ ሩዝና ዘይት፣ ስኳርና ሻይ የታጨቀበት ከረጢት ነው። ሁለተኛው በሟቹ አባታቸው በሐጅ ሩሽዲ ስም፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው አስፋልት ላይ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ የሚካሄደው የኳስ ውድድር ነው። ሁለቱም መልካም ሥራ ናቸው። አንዱ የሌላው መክፈያ መሆኑን ግን ዋጊህ እስከ ዛሬ ጠዋት አልሰማም ነበር።

«ማን ነው የሚጫወተው?» አለ።

«ደህና አደርክ አይባልም?»

«ደህና አደርክ። ማን ነው የሚጫወተው?»

«ኸሚስ ነዋ። ለአንድ ጨዋታ ነው። የዓሳ ገበያ ሰዎች ከውጭ በሁለቱም እግር የሚመቱ ልጆች አምጥተዋል። እኔ ያሉኝ ሆዳቸው ከኳሱ ቀድሞ የሚደርስ ናቸው።»

«ሐሙስ ካይሮ ሙከራ አለው።»

«ዛሬ ማክሰኞ ነው።»

«አስፋልት ላይ ነው፣ ሐጅ።»

«እኛስ ምንጣፍ ላይ ነው ያደግነው?» አለ ጋብር። ይህን ሲል ዓይኑ ሳያስበው ወደ ዋጊህ ቀኝ ጉልበት ወረደ። ወዲያው ቁልፉን እንዳገኘ ሰው ወደ እጁ ተመለሰና በሩን ቆልፎ ቀድሞት ወረደ።

ስለዚያ ጉልበት በሁለቱ ወንድማማቾች መካከል አንድም ቀን ተነስቶ አያውቅም። ዋጊህ አስራ ሰባት ዓመቱ ሳለ፣ አባታቸው በሕይወት እያሉ፣ እዚያው አስፋልት ላይ በእሳቸው «ለእኔ ስትል፣ ሃያ ደቂቃ ብቻ» ተብሎ ሊጫወት ገባ። ከሃያው ደቂቃ ግማሹ እንኳ ሳይሞላ አንድ ሥጋ ሻጭ ተንሸራትቶ ጉልበቱ ላይ ገባበት። ያን ጊዜ ዋጊህ እስክንድርያ ውስጥ ስሙ የሚነሳ ልጅ ነበር። በጀርባው አዝሎ ሦስት ፎቅ ያወጣው ጋብር ነው፤ እያለቀሰ ነበር የሚወጣው፤ እንባው ሸሚዙ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። አባታቸው የሕክምናውን ወጪ ከፈሉ፤ በየዒዱ አዲስ ጫማ ገዙለት፤ ስለ ነገሩ ግን አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ዋጊህ የስፖርት መምህር ሆነ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በሰፈሩ ክለብ ከአስራ ስድስት ዓመት በታች ያሉትን ያሠለጥናል። በየዓመቱ መጀመሪያ፣ ማሊያ ከማደሉ በፊት ልጆቹን ሰብስቦ የሚናገረው አንድ ሕግ ብቻ አለው። በረመዳን አስፋልት ላይ የተጫወተ የእኔን ማሊያ አይለብስም ይላል። አምና ባሲም የሚባል የልብስ ሰፊ ልጅ፣ ጥሩ ተከላካይ፣ ለአጎቱ ቡድን ሁለት ጨዋታ ተጫውቶ ተገኘ። ዋጊህ አስወጣው። አባትየው መጥቶ ለመነ፤ አልሰማውም። ልጁ አሁን መኪና ጥገና ቤት ይሠራል፤ መንገድ ላይ ሲያየው ዞር አይልም፣ ሰላምም አይለውም፤ ቀጥ ብሎ ያየዋል።

ስለዚህ ዛሬ ኸሚስ አስፋልቱን ከረገጠ፣ ቢጎዳም ባይጎዳም፣ ሐሙስ የለም። ወይ ጉልበቱ ያስቀረዋል፣ ወይ የዋጊህ ሕግ ያስቀረዋል። ሕጉን ቢያጥፍለት ደግሞ ባሲምን ምን ብሎ ሊያየው ነው?

በትምህርት ቤቱ ግቢ የጾሙትን ልጆች ጥላ ሥር አስቀምጦ ስለ ትንፋሽ አጠባበቅ እያወራላቸው ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ኸሚስ ወደ ክለቡ የመጣው ዘጠኝ ዓመቱ ላይ ነው፤ ከግራ እግሩ በቀር እግር ያለው የማይመስለው፣ ኳስ ከተቀበለ በኋላ ጭንቅላቱን ቀና የማያደርግ ልጅ። ዋጊህ አንድ ክረምት ሙሉ የክለቡን የኋላ ግድግዳ በቀኝ እግሩ ብቻ ሲያስመታው ከረመ። ልጁ እየተነጫነጨ፣ ግድግዳው እየተላጠ፣ በመጨረሻ ቀኙ ተፈታ። ከዚያ ሰው ሁሉ «ጎል የሚያገባውን ልጅ ምን ነክቶህ ነው» እያለው አንድ ዓመት ተከላካይ አድርጎ አጫወተው፤ ሜዳውን ከኋላ ሆኖ እንዲያየው ነው። ኳስ ከመድረሱ በፊት ግራና ቀኝ ትከሻውን አሻግሮ እንዲመለከት ያስተማረው ደግሞ ጣቱን ከኋላው እያነሳ «ስንት ነው?» በሚል ጨዋታ ነው። ስድስት ዓመት ወሰደ። ባለፈው ወር አንድ የካይሮ ክለብ ተጫዋች መልማይ ሌላ ልጅ ሊያይ መጥቶ፣ ያንን ልጅ ረስቶ፣ «ያ ከመቀበሉ በፊት የሚያየው ልጅ ማነው?» ብሎ ጠየቀ። ዋጊህ ያን ቀን ቤቱ ገብቶ በሩን ዘግቶ ተቀምጦ ነበር፤ ደስታውን ለማን እንደሚነግር አላወቀም። እና አሁን ስድስት ዓመት ለአንድ ከረጢት ሩዝ።

ለኸሚስ ሲደውል ስልኩ ዝግ ነው፤ ሙያ ትምህርት ቤቱ ስልክ ይሰበስባል። ትምህርት እንዳለቀ ወደ ገበያው ወረደ። የመጣለት ሐሳብ ቀላልና ትክክለኛ መሰለው። ዕዳው ከረጢት ከሆነ፣ ከረጢቱ ይመለስ። የወንድሙን ከረጢት ይዘት በቃሉ ያውቀዋል፤ በየዓመቱ ሳሎን ወለል ላይ ሲታጨቅ ያያል። ባለሱቁ ዘይቱን ሲያወርድለት ከባለፈው ሳምንት በአስር ፓውንድ መጨመሩን ነገረው፤ ከሚቀጥለው ሳምንት ዋጋ ግን ይሻላል አለ። ሩዙ ርካሹ ነው የቀረው፤ ጥሩው በረመዳን መግቢያ አልቋል። «ካብተን፣ አንተም ማደል ጀመርክ? ለምክር ቤት ልትወዳደር ነው እንዴ?» አለው፤ ሰፈሩ አሠልጣኙን ካብተን ነው የሚለው። ዋጊህ ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም። ከረጢቱ ሲያነሱት ከገመተው በላይ ይከብዳል።

ኡም ኸሚስ፣ የልጁ እናት፣ የምትኖረው ምድር ቤት ነው፤ አንድ ክፍል ከግማሽ። ማቀዝቀዣው ሶፋው አጠገብ ቆሟል፤ የልጁ ታኬታ በመስኮቱ ብረት ላይ በክሩ ተንጠልጥሎ ፀሐይ ይሞቃል፤ ግድግዳው ላይ የልጁ ቁመት በየዓመቱ በእርሳስ የተሰመረበት አለ፤ ባሏ በሞተበት ዓመት የተሰመረው ግን ትንሽ ይዘምማል። የልብስ ፋብሪካው በረመዳን ቀደም ብሎ ስለሚለቅ ቤት ደርሳለች፤ ወለል ላይ በዝቅተኛው ጠረጴዛ ፊት ቁጭ ብላ የተቀቀለ ጥቅል ጎመን ቅጠል በቅጠል ትዘረጋለች፤ ሩዝ ትጨምርበታለች፤ እንደ ጣት ትጠቀልላለች፤ ድስቱ ውስጥ ትደረድራለች። ቤቱ እንስላል እንስላል ይሸታል። የጾመ ሰው እዚያ ቤት መግባት የለበትም።

«ግባ ካብተን፤ በሩ ክፍት ይሁን» አለች። ከረጢቱን ሲያስቀምጥ ቀና ብላ አየችው። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የሐጅን ከረጢት መልሺለት። ይኸው ልኩ፤ አንድም አልጎደለም።»

የያዘችውን ቅጠል ጠቅልላ ጨረሰች። የጨረሰችውን ደረደረችና በእጇ ጀርባ ግንባሯን ጠረገች። «የሐጅ ሩዝ ይሄ ነው» አለች ሳህኑን በአገጯ እያሳየች። «ዘይቱም ውስጡ ነው። ከረጢቱን የሐጅ ሠራተኛ ዓሹር ሲያመጣው ስለ ኳስ የነገረኝ የለም። አስቀመጠና ለሐጅ ሩሽዲ ነፍስ ዱዓ አድርጊ አለኝ። አደረግኩ። ዛሬ ማለዳ ተመልሶ መጣና የልጁን የጫማ ቁጥር ጠየቀኝ።»

«እኮ። ስለዚህ መልሺለት።»

«በምን? ባንተ ሩዝ?» ከረጢቱን ከፈት አድርጋ አየች፤ ጥቂት ፍሬ በመዳፏ ላይ አፍስሳ መልሳ ጨመረችው። «ካብተን፣ ወንድምህ ልጄን በአንድ ከረጢት ገዛው። አንተ በሌላ ከረጢት መልሰህ ልትገዛው መጣህ። ልዩነታችሁ ምኑ ላይ ነው? የእሱ ሩዝ ይሻላል እንጂ፤ አልተሰባበረም።»

«እኔ ለልጁ ብዬ ነው፣ ኡም ኸሚስ።»

«እሱም ለአባቱ ነፍስ ብሎ ነው። ሁላችሁም ለሆነ ሰው ብላችሁ ነው።»

«እንቢ በይዋ ታዲያ።»

«ልበል። ክረምት ይህ ጣሪያ ሲያፈስስ የማንን በር ነው የማንኳኳው? ያንተን?» አምና ጣሪያውን ያስጠገነው ጋብር ነው። እሷም ልታሳፍረው አልፈለገችም መሰል ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ልጄን ታውቀዋለህ። አስተምረህ አበላሽተኸው፤ ሻይ ሳቀብለው እንኳ ሳይቀበል በፊት ግራና ቀኝ ያያል። ይህንንም አይቶ ነው እሺ ያለው። የእናቴ ስም በሰው አፍ እንዲገባ አልፈልግም ብሎኛል። ምን ልበለው? ከረጢትህን ይዘህ ሂድ። እዚያ ጥጉ ጋ አሮጊቷ አሉ፤ ሰው የላቸውም።»

ዋጊህ ጥጉ ጋ ያለውን በር አንኳኳ። አሮጊቷ ከረጢቱንም እሱንም አይተው «ማን ላከው ልበል?» አሉ። «ማንም» አለ። «ታዲያ ለማን ዱዓ ላድርግ?» አሉት። እሱ ግን መንገድ ጀምሮ ነበር። ፊቱ ይነድዳል። የተናደደው በወንድሙ ነበር፤ አሁን ንዴቱ በማን ላይ እንደሆነ ራሱም አልለይ አለው፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደደው።

ከዐስር ሶላት በኋላ አስፋልቱ ዳር ሰው ሞልቷል። ረመዳን ውስጥ ያቺ ከመግሪብ በፊት ያለች ሰዓት አትገፋም፤ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ከወጥ ቤት ሽታ ሸሽቶ እዚህ ይመጣል። ከውሃ ቧንቧ የተበየዱ ጎሎች፣ ከሠርግ አከራይ የመጡ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ በሁለቱ ሕንፃዎች መካከል የተወጠረ የሐጅ ሩሽዲ ፎቶ። ዓሹር፣ የሐጅ ጋብር የሱቅ ሠራተኛ፣ ማይክራፎን ይዞ የማስታወቂያ ቀልድ ይቀልዳል። ዋጊህ ይህ ውድድር በአባቱ ስም ከተሰየመ ወዲህ እግሩ እዚህ ደርሶ አያውቅም፤ ሲያልፉ የነበሩ ሰዎች እያዩት ተጠቃቀሱ። ባሲም በዘይት የጨቀየ ቱታውን እንደለበሰ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፤ እንደ ልማዱ ቀጥ ብሎ ያየዋል። ኸሚስ የሐጁን ሱቅ ስም የያዘውን ባለ አስር ቁጥር ማሊያ ለብሶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አዲስ ጫማ ያስራል። የጫማው ቁጥር ልክ መጥቷል።

«አውልቅ» አለው ዋጊህ።

«ካብተን፣ ሃያ ደቂቃ ነው። እጠነቀቃለሁ።»

«ሕጉን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።» ልጁ ቀና አላለም። «ባሲም እዚያ ቆሟል፤ አይቼዋለሁ። ከቡድኑ ያስወጡኝ። እናቴ ግን ሐጅ ደጅ ቆማ ይቅርታ አትጠይቅም።»

ዋጊህ ክርክሩን እዚያ ላይ ተወው። ሃያ ደቂቃ፣ እጠነቀቃለሁ። እነዚህን ቃላት ከሃያ አንድ ዓመት በፊት ከራሱ አፍ ሲወጡ ሰምቷቸዋል። በተቃራኒው በኩል የዓሳ ገበያ ቡድን ይሟሟቃል፤ መሀላቸው አንገቱ ከጭንቅላቱ የሚሰፋ ተከላካይ አስፋልቱን በጫማው ይፈትጋል፣ እንደሚታረስ መሬት። ልክ በዚህ መሀል ዓሹር ድምፁን አክብዶ በየጨዋታው መጀመሪያ የሚለውን ማለት ጀመረ። የሰፈሩ ልማድ ነው፤ በሟች ስም በተሰየመ ውድድር ላይ ኳስ ከመነካቱ በፊት ከሟቹ ቤት የሚሰለፍ ካለ ሦስት ጊዜ ይጠራል፤ የሟች ልጅ ማሊያ ከጠየቀ አይከለከልም። ማንም ጠይቆ ስለማያውቅ ጥሪው እንደ ቢስሚላህ የመክፈቻ ቃል ሆኖ ቀርቷል።

«ከሐጅ ሩሽዲ ቤት የሚሰለፍ አለ? ከሐጅ ሩሽዲ ቤት የሚሰለፍ አለ? ከሐጅ ሩሽዲ...»

«አለ» አለ ዋጊህ።

መጀመሪያ ሳቅ ነበር። ከዚያ ዋጊህ ጃኬቱን አውልቆ ወንበር ላይ ሲያኖር ሳቁ ቀነሰ። ሐጅ ጋብር ማይክራፎኑን በእጁ ከድኖ ተጠጋው፤ ከንፈሩ በጾም ደርቋል። «ቀልዱ ይብቃህ። ሰው ያየናል።»

«ይየን። ልማዱ የአባታችን ነው። አስር ቁጥሩን።»

«ሌላ ማሊያ ልስጥህ።»

«አስር ቁጥሩን አልኩህ፣ ሐጅ።»

ወንበር ላይ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ፣ ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ፣ ከዘራውን መሬት ላይ መታ መታ አደረገ። «ልጅየው ጠይቋል። ስጡት። ሟች ይሰማል።» ሌሎቹም «ስጡት፣ ስጡት» አሉ፤ ከፊሎቹ ለልማዱ ብለው፣ ከፊሎቹ ደግሞ ሰዓቱ እንዲሄድላቸው የሚስቁበት ስላገኙ ነው። ኸሚስ ማሊያውን አውልቆ ሰጠው። ሲሰጠው ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ዋጊህ ግን የምስጋና እንባ ነው ብሎ ራሱን አላታለለም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባኮስ ውስጥ ገና ብዙ ረመዳን ያወሩታል። ማሊያው ሆዱ ላይ ተወጠረ። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ዋጊህ በጭንቅላቱ ተጫወተ፤ ኳሱ ሳይደርስ ትከሻውን አሻግሮ ያያል፣ የት እንደሚሰጥ ያውቃል፣ አንድ ጊዜም ለቡድን ጓዱ ለዳቦ ጋጋሪው አመቻችቶለት ጎል ሆነ። ከዚያ ጉልበቱ ሞቀ፤ ከሞቀ በኋላ ደግሞ አበጠ። ያ ሰፊ አንገት ሁለት ጊዜ ጣለው። በሁለተኛው ጊዜ መዳፉ ተላጠ፤ ጥቁር ጠጠር ቆዳው ውስጥ ቀረ። «ካብተን፣ ልጆቹን ጥራልን» ይላል ከዳር አንዱ። «ተዉት፣ ሱሁር ላይ ሲሚንቶ በልቶ ነው» ይላል ሌላው። «ያንን ጉልበት ዘይት ቀቡት፣ እስከ መስጊድ ይሰማል።» አራተኛው ጎል በእግሮቹ መሀል አለፈ። ሐጅ ጋብር ሁለት ተቀያሪ አጠገቡ ተቀምጠውለት፣ እጁን አጣምሮ፣ አልቀየረውም። ዋጊህም ቀይረኝ አላለም። ሁለቱም እስከ መጨረሻው ፊሽካ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ቆዩ፤ ወደ እሱ የተሰነዘረው እያንዳንዱ ስድብ በአባታቸው ፎቶ ሥር አለፈ። አምስት ለአንድ።

ፊሽካው ሲነፋ ኸሚስ ጃኬቱን ይዞለት መጣ። አንገቱን አቀርቅሮ ሰጠው።

«ካብተን፣ ማን ጠየቀዎት?»

«ማንም።»

«ሰው ሁሉ ስቆብዎታል። በእኔ ምክንያት።»

«ያልፋል።»

«ለእርስዎ ያልፋል» አለ ልጁና አዲሱን ጫማ አውልቆ፣ ዓሹር እጅ ላይ አኑሮ፣ በካልሲው አስፋልቱን አቋርጦ ሄደ። ባሲም ከተደገፈበት ግድግዳ ተለይቶ ነበር። ዋጊህ አጠገብ ሲደርስ ቆመ፤ የተላጠውን መዳፍ አየና «ጨው ባለው ውሃ እጠበው» አለው። ከዓመት በኋላ የተናገረው የመጀመሪያው ቃል ይህ ነበር።

እናታቸው ሐጃ ነዓማት የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ነው። ውረዱ ቢባሉ፣ ባሌ የሞተበትን ክፍል ትቼ አልወርድም ብለው እንቢ ያሉ ሴት ናቸው። የዋጊህ ሚስት ልጆቹን ይዛ ደማንሁር እናቷ ዘንድ ስለሄደች ዛሬ ገበታው ላይ አራት ናቸው፤ እናቲቱ፣ ጋብር፣ የጋብር ሚስትና ዋጊህ። ደረጃውን ሲወጣ የብረቱን መደገፊያ በሁለት እጁ ይዞ አንዱን እግር እያስከተለ ነበር። ሐጅ ጋብር ከኋላው ነው። ቀድሞት ማለፍ ይችል ነበር፤ አላለፈውም። እጁን ሊሰጠው ይችል ነበር፤ አልሰጠውም። በየመታጠፊያው ዋጊህ ሲያርፍ እሱም ሁለት ደረጃ ዝቅ ብሎ እየቆመ፣ ቁልፎቹን እያቅጨለጨለ፣ እስከ ሦስተኛው ፎቅ እንደዚያ ወጡ።

አዛን ተባለ፤ ቴምር ተበላ፤ ውሃ ተጠጣ። ሾርባው ተቀዳ። የጋብር ሚስት ስለ ዒድ ብስኩት ዱቄት ዋጋ ጀመረች፤ የሚቀበላት አጥታ ተወችው። ሐጃ ነዓማት የዋጊህን መዳፍ አይተዋል፤ እግሩን ዘርግቶ መቀመጡንም አይተዋል፤ ግን ሃያ አንድ ዓመት ያልተጠየቀ ጥያቄ በሾርባ መሀል አይጠየቅም። በዚህ መሀል በሩ ተንኳኳ።

ኡም ኸሚስ ናት። ኸሚስ ከኋላዋ በፎጣ የተጠቀለለ ትልቅ ድስት ታቅፏል፤ እንፋሎቱ ፊቱ ላይ ይወጣል። ሰላም አለች፤ ግቡ፣ ተቀመጡ ተባለች፤ ከመድረኩ አላለፈችም። ልጁ ድስቱን አምጥቶ ገበታው መሀል አስቀመጠው፤ አጠገቡ አንድ ፌስታል አኖረ።

«ሐጅ፣ ከረጢትዎን መልሻለሁ» አለች። «ጥሬውን መመለስ ነበረብኝ፤ ሳላውቅ በሰለብኝ። ሩዙም ዘይቱም እዚያ ውስጥ ነው። ስኳሩና ሻዩ በፌስታሉ ነው። ጎመኑ የራሴ ነው፤ እሱ ስጦታ ነው።»

«ኡም ኸሚስ፣ ይህ ነውር ነው። ሰደቃ አይመለስም።»

«ሰደቃ ነው ብዬ ነው የተቀበልኩት። አለመሆኑን ያወቅሁት የልጄን የጫማ ቁጥር ስጠየቅ ነው።»

«እናንተስ ጾማችሁን በምን ልትፈቱ ነው?» አሉ ሐጃ ነዓማት።

«ፉል አለ፣ ሐጃ። አልሐምዱሊላህ።» ከዚያ ወደ ዋጊህ ዞረች። ከፊቷ የለሰለሰ ነገር ጠብቆ ከሆነ አላገኘም። «አንተም ካብተን። ሐሙስ ልጄን የምትወስደው ስለሚችል ከሆነ ውሰደው። አስፋልት ላይ ስለወደቅህለት ከሆነ ይቅር። ከአንዱ ዕዳ ወጥቼ ወደ ሌላው አልገባም።»

ዋጊህ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ስለሚችል ነው» አለ። ሌላ ቃል ቢጨምር የሚያበላሸው መሰለው።

ኸሚስ እስካሁን ወለሉን ያይ ነበር። «ስንት ሰዓት ነው?» አለ።

«ንጋት ላይ፣ ከሱሁር በኋላ፤ ጣቢያው ፊት ለፊት።»

«የድሮው ታኬታዬ ይሆናል?»

«ይሆናል። ቀኝ እግርህን ብቻ ቤት እንዳትረሳ።»

ልጁ አልሳቀም፤ ግን ሊስቅ ምንም አልቀረውም። ከበሩ ሲወጣ እንደ ልማዱ ግራና ቀኝ አየና እናቱን ተከትሎ ወረደ።

«ይህን ምን ልናደርገው ነው?» አለች የጋብር ሚስት ድስቱን እያየች። «ለበረኛው ልላከው?»

«ይበላል እንጂ» አሉ ሐጃ ነዓማት። ፎጣውን ፈቱት፤ ክዳኑን አነሱት፤ የእንስላሉ ሽታ ገበታውን ሞላው። ማንኪያቸውን አስገብተው ሦስት ጥቅል አወጡና የጋብር ሳህን ላይ አኖሩ።

«እማ፣ ጠግቤያለሁ።»

«ገና ሾርባ ላይ ነህ። ያንተ ሩዝ ነው፤ ብላ።»

ሐጅ ጋብር ዋጊህን አየው። ዋጊህ ዓይኑን ከእሱ ላይ አልነቀለም፤ ግን አላገዘውም። ጋብር አንዱን ጥቅል በጣቶቹ አንስቶ ጎረሰ፤ ረጅም ጊዜ አላመጠ፤ ዋጠ።

«ጨው በዝቶበታል» አለ።

ሐጃ ነዓማት ከድስቱ አንድ አንስተው ቀመሱ። ቀስ ብለው አላመጡ፤ ጣታቸውን በፎጣው ጠረጉ።

«ጨው አልበዛበትም» አሉ። «ድገም።»